ኅብረ ሕዋስን ሳይቆርጡ የማየት ጥረት፦ የማግኔቲክ ሬዞናንስ ማይክሮስኮፕ

ከሕመምተኛ ሰውነት ለምርመራ የሚወሰድ ትንሽ ቁራጭ ሥጋ፣ በሕክምናው አጠራር ባዮፕሲ፣ ላቦራቶሪ ከደረሰ በኋላ ረጅም መንገድ ይጓዛል። በመጀመሪያ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን በተባለ ኬሚካል ውስጥ ይነከራል። ቀጥሎ በውስጡ ያለው ውኃ በአልኮል ተመጥጦ ይወጣና በምትኩ የቀለጠ ሰም ይገባበታል። ሰሙ ሲቀዘቅዝ ናሙናው እንደ ሻማ ይጠነክራል። ያን ጊዜ እጅግ ስለታም ምላጭ በተገጠመለት መሣሪያ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር 250ኛ ያህል እስኪሆን ድረስ በስሱ ይሸረከታል። ስሱ ቁራጭ በብርጭቆ ላይ ተለጥፎ ቀለም ከተቀባ በኋላ የፓቶሎጂ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ይመለከተዋል።

ይህ ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። ዛሬም አንድ እብጠት ካንሰር መሆን አለመሆኑ የሚረጋገጠው በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ድክመቶች አሉበት። የመጀመሪያው በቀላል ስሌት ይታያል። አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ናሙና ከዳር እስከ ዳር በዚህ ስስነት ቢሸረከት 2 ሺህ 500 ቁራጮች ይወጡታል። ሐኪሙ የሚመለከተው ግን ከእነዚህ ጥቂቶቹን ብቻ ነው። የቀረው በሰም እንደተያዘ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በሽታው ባልታየው ክፍል ውስጥ ተደብቆ ከሆነ የሚያገኘው የለም። ሁለተኛው ድክመት የተቆረጠ ነገር እንደነበረ ተመልሶ አለመገጠሙ ነው። አንድ የደም ሥር ወይም የነርቭ ክር ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚያመራ ከአንድ ስስ ቁራጭ ላይ ለማወቅ መሞከር፣ ከአንድ መጽሐፍ መካከል አንድ ገጽ ብቻ አንብቦ ታሪኩን ለመናገር እንደ መሞከር ይቆጠራል።

ናሙናውን ሳይቆርጡና ሳያደርቁ ውስጡን በርዝመት፣ በስፋትና በጥልቀት የማየት ፍላጎት የማግኔቲክ ሬዞናንስ ማይክሮስኮፕ ለተባለው መሣሪያ መወለድ ምክንያት ሆኗል። መሣሪያው በየሆስፒታሉ ኤም አር አይ በሚል ስም የሚታወቀው የምርመራ ማሽን የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ሕግ ነው። ልዩነታቸው በመጠን ላይ ነው። የሆስፒታሉ ማሽን ሙሉ ሰው ይገባበታል፤ በምስሉ ላይ ለይቶ የሚያሳየው ትንሹ ነገርም የአንድ ጤፍ ፍሬ ያህላል። ማይክሮስኮፑ ግን ናሙናውን የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ከጣት በማይወፍር የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ነው፤ እንዲያሳይ የሚፈለገውም ከጤፍ ፍሬ በመቶ እጥፍ የሚያንሰውን ሕዋስ ነው።

ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ተመራማሪዎችን ከአርባ ዓመታት በላይ ያደከማቸው ግን እርሱ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት መሣሪያው ምን እንደሚሰማ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህ መሣሪያ ከማየት ይልቅ የሚያዳምጥ ነውና።

የሰውም፣ የእንስሳም፣ የእጽዋትም ኅብረ ሕዋስ አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ነው። እያንዳንዱ የውኃ ሞለኪውል ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች አሉት። የሃይድሮጅን አቶም እምብርት፣ ማለትም ፕሮቶን፣ በተፈጥሮው እጅግ ደካማ ማግኔት ነው። ናሙናው በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ ሲቀመጥ እነዚህ ጥቃቅን ማግኔቶች እንደ እንዝርት እየተወዛወዙ ይሾራሉ። የውዝዋዜያቸው ፍጥነት የሚወሰነው በማግኔቱ ኃይል ነው። የማግኔት ኃይል መለኪያው ቴስላ ይባላል። በ1 ቴስላ ውስጥ ያለ ፕሮቶን በሴኮንድ 42 ነጥብ 58 ሚሊዮን ጊዜ ይወዛወዛል፤ በሌላ አነጋገር ድምፁ 42 ነጥብ 58 ሜጋ ኸርዝ ላይ ነው።

ሜጋ ኸርዝ የሚለው ቃል ለሬዲዮ አድማጭ እንግዳ አይደለም። የኤፍ ኤም ጣቢያዎች የሚሰራጩት ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው መካከል ነው። ጥንካሬው 2 ነጥብ 35 ቴስላ በሆነ ማግኔት ውስጥ የተቀመጠ አንድ ብርጭቆ ውኃ 100 ሜጋ ኸርዝ ላይ ይገኛል ማለት ነው፤ ልክ እንደ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ። ልዩነቱ የውኃው ሥርጭት እጅግ ደካማ መሆኑ ነው። የእነዚህ መሣሪያዎች ክፍል ግድግዳ ብዙ ጊዜ በመዳብ የሚሸፈነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አለዚያ የውጪው የሬዲዮ ሞገድ ገብቶ የናሙናውን ድምፅ ይውጠዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ናሙናውን በከበበ ጥቅል ሽቦ አማካኝነት፣ ፕሮቶኖቹ ከሚወዛወዙበት ፍጥነት ጋር የሚገጥም አጭር የሬዲዮ ሞገድ ይላካል። ፕሮቶኖቹ ሞገዱን ተቀብለው ከቆሙበት አቅጣጫ ዘንበል ይላሉ። ሞገዱ ሲቋረጥ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ በሚመለሱበት ጊዜም ራሳቸው የሬዲዮ ድምፅ ይሰጣሉ። ጥቅል ሽቦው ያን ድምፅ ያዳምጣል። የመመለሻው ጊዜ በሁሉም ኅብረ ሕዋስ ውስጥ አንድ ዓይነት አይደለም። በስብ ውስጥ ያለ ፕሮቶን በነጻ ውኃ ውስጥ ካለው ቀድሞ ይመለሳል። ምስሉ ላይ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ሆኖ የሚታየው ይህ የጊዜ ልዩነት ነው። ቀለም መቀባት የማያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ይህን ድምፅ ፌሊክስ ብሎክ እና ኤድዋርድ ፐርሴል የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት በአሜሪካ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ፣ እ.አ.አ በ1946 ይፋ አደረጉት። በ1952ም የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። ከዚያ በኋላ ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል ዘዴው በዋናነት የኬሚስቶች መሣሪያ ሆኖ ቆየ። ወደ ኅብረ ሕዋስ ዓይንን ያዞረው አንድ ሥራ እ.አ.አ በ1971 ታየ። ሬይመንድ ዳማዲያን የተባሉ ሐኪም ከአይጦች የተወሰዱ ቁራጮችን በመሣሪያው ለክተው፣ በካንሰር በተያዘው ቁራጭ ውስጥ የፕሮቶኖቹ መመለሻ ጊዜ ከጤነኛው እንደሚረዝም አሳተሙ። ዳማዲያን ምስል አላነሡም። የናሙናው ድምፅ ከየትኛው ነጥብ እንደመጣ የሚለዩበት መንገድ አልነበራቸውም፤ ከአንድ አዳራሽ የሚወጣ የብዙ ሰው ጫጫታ እንደመስማት ነበር።

ፖል ላውተርበር የተባሉ የኬሚስትሪ ተመራማሪ በዚያው ዓመት ከአይጦች የተቆረጠ ሥጋ በዚህ መንገድ ሲለካ ተመለከቱ። ሳይቆርጡ መለካት አይቻልም ወይ የሚለው ጥያቄ በአእምሯቸው ቀረ። ያገኙት መልስ ከተራራማ አገር ሰው ዕውቀት ጋር ይመሳሰላል። ከቆላ ወደ ወይና ደጋ፣ ከወይና ደጋ ወደ ደጋ ሲወጣ ብርዱ ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። ስለዚህ በአንድ ተራራ ጎን ላይ ያለ ሰው ምን ያህል እንደበረደው በስልክ ቢናገር፣ የት ከፍታ ላይ እንዳለ ሰሚው በግምት ያውቃል። ላውተርበር የማግኔቱን ኃይል እንዲሁ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ በቀስ እንዲጨምር አደረጉት። በደካማው ጫፍ ያሉ ፕሮቶኖች በዝግታ፣ በኃይለኛው ጫፍ ያሉት በፍጥነት ይወዛወዛሉ። የድምፁ ቅጥነት የቦታው አድራሻ ሆነ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ምስል እ.አ.አ በ1973 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጣ። ያሳየውም ውኃ የተሞሉ ሁለት ቀጫጭን የብርጭቆ ቱቦዎችን ነበር። መጽሔቱ ጽሑፉን በመጀመሪያ ሳይቀበለው መልሶት እንደነበር ይነገራል። ላውተርበር ለዘዴው ያወጡለት ስም ዜግማቶግራፊ የሚል ነበር፤ ማጣመሪያ ከሚለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። ቃሉ የሚወጣው በሬዎችን በቀንበር ከመጥመድ ነው፤ የሬዲዮ ሞገዱና እየጨመረ የሚሄደው የማግኔት ኃይል እንደ ሁለት በሬዎች ተጠምደው ምስሉን ያርሳሉና። ስሙ አልዘለቀም፤ ምናልባት ለአፍ ስለከበደ ይሆናል። ላውተርበር ግን በእንግሊዝ ኖቲንግሃም ዘዴውን ካፋጠኑት ከፒተር ማንስፊልድ ጋር እ.አ.አ በ2003 የኖቤል ሽልማትን በሕክምና ዘርፍ ተቀብለዋል። ዳማዲያን ከሽልማቱ ውጭ መሆናቸው በወቅቱ ብዙ ክርክር አስነሥቷል።

አሁን ወደ መጠኑ ጉዳይ ይመለሷል። ማንኛውም የኤም አር አይ ምስል ከጥቃቅን ጡቦች የተሠራ ግንብ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። ከእያንዳንዱ ጡብ ውስጥ የሚወጣው ድምፅ በጡቡ ውስጥ ባለው የውኃ መጠን ይወሰናል። ጡቡ ባነሰ ቁጥር ምስሉ ይጠራል፤ ድምፁ ግን ይደክማል። የድምፁ ድካም ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ነው። ከመነሻው እንኳ በ3 ቴስላ ማግኔት ውስጥ ካሉ አንድ ሚሊዮን ፕሮቶኖች መካከል ለድምፁ የሚቆጠረው የ10 ያህሉ ብቻ ነው። የተቀሩት ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ ሆነው እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ።

የአንድን ጡብ ጎን በግማሽ ማሳነስ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ቁመቱን ሁሉ በግማሽ ማሳነስ ነው። ስለዚህ ይዘቱ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ድምፁም እንዲሁ። የደከመውን ድምፅ ለማካካስ ያለው አንዱ መንገድ መደጋገም ነው። ገበያ መሐል ቀስ ብሎ የሚናገርን ሰው ደጋግሞ እንዲናገር መጠየቅ እንደሚረዳ ሁሉ፣ መሣሪያውም አንዱን ልኬት ደጋግሞ ይደምራል። ነገር ግን ሲደመር ድምፁ ብቻ አይደለም የሚያድገው፤ ጫጫታውም በመጠኑ አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ጥራትን በሁለት እጥፍ ለማሳደግ አራት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል፤ በስምንት እጥፍ ለማሳደግ ደግሞ 64 ጊዜ።

ይህ ቁጥር የሙያው ዋና ገደብ ነው። የጡቡ ጎን 100 ማይክሮን የሆነ ምስል በ1 ደቂቃ ተነሣ እንበል፤ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በዚያው ማግኔትና በዚያው ጥቅል ሽቦ ወደ 50 ማይክሮን ለመውረድ 64 ደቂቃ ያስፈልጋል። ወደ 25 ማይክሮን ለመውረድ 68 ሰዓት ገደማ፣ ሦስት ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው። ወደ 12 ነጥብ 5 ማይክሮን ደግሞ 182 ቀን፤ ግማሽ ዓመት። ብዙዎቹ የሰውነት ሕዋሳት ከዚህም ያንሳሉ። በመደጋገም ብቻ ሕዋስ ጋር መድረስ አይቻልም ማለት ነው።

ይህ የዋዛ ስሌት አለመሆኑን ቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.አ.አ በ2019 ያሳተሙት ሥራ ያሳያል። ከዚህ ዓለም በሞት የተለየች አንዲት የ58 ዓመት ሴትን ሙሉ አንጎል በ7 ቴስላ ማግኔት፣ ጎኑ 100 ማይክሮን በሆነ ጡብ አነሡ። መሣሪያው ያለማቋረጥ የሠራው 100 ሰዓት ያህል ነው። በሕይወት ያለ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ሊተኛ አይችልም። የተለየ ናሙና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ አይተነፍስም፣ አይሰለችም፣ ቀናትን ይታገሣል።

እንግዲህ ድምፁን ራሱን ማጠንከር ግድ ሆነ። አንዱ መንገድ ማግኔቱን ማበርታት ነው። የሆስፒታል ማሽኖች በአብዛኛው 1 ነጥብ 5 ወይም 3 ቴስላ ናቸው፤ ኮምፓስን ወደ ሰሜን ከሚያዞረው የመሬት ማግኔት በአስር ሺዎች እጥፍ ይበልጣሉ። ለማይክሮስኮፕ የሚያገለግሉት ከ7 እስከ 14 ቴስላና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። እንዲህ ያለ ማግኔት የሚሠራው ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ብክነት ከሚያስተላልፍ ሽቦ ነው። ሽቦው ይህን ጠባይ የሚያገኘው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲቀዘቅዝ በመሆኑ በፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ይጠመቃል። ሂሊየም ውድ ነው፤ መሣሪያውን ውድ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ርካሽና ብልህ ነው፤ ጆሮን ማቅረብ። ከቤት ውጭ የምትበር ትንኝ አትሰማም፤ ጆሮ አጠገብ ስትመጣ ግን ታስነሣለች። ጥቅል ሽቦው ከናሙናው ጋር እየተመጠነ ባነሰ ቁጥር ከእያንዳንዱ ጠብታ የሚሰማው ድምፅ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች ስፋታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚያንስ፣ በማጉያ መነጽር ሥር የሚጠቀለሉ ሽቦዎችን ሠሩ። ዋጋ የሚከፈልበት ሌላ ጉዳይ ግን አለ። ሽቦው ሲያንስ የሚገባው ናሙናም ያንሳል። መጀመሪያ ላይ የታሰበው ሙሉውን ናሙና ማየት ነበርና፣ ትንሿ ጆሮ ከተነሡበት ዓላማ ጋር ትጋጫለች። ይህ ፍጥጫ እስካሁን አልተፈታም።

ሦስተኛው ጉዳይ አድራሻውን የሚሰጠው የማግኔት ዳገት ነው። አምስት ማይክሮን ብቻ ተራርቀው ያሉ ሁለት ጎረቤት ጡቦችን ለመለየት፣ በመካከላቸው ያለው የማግኔት ልዩነት የሚሰማ መሆን አለበት። ለዚህም ዳገቱ ገደል ያህል ቀጥ ማለት ይኖርበታል። እዚህ ላይ ውኃው ራሱ ተቃዋሚ ሆኖ ይነሣል። በሕዋስ ውስጥ ያለ የውኃ ሞለኪውል አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ዘወትር ይቅበዘበዛል። በአንድ ሴኮንድ አንድ መቶኛ ውስጥ ስድስት ወይም ሰባት ማይክሮን ያህል ይርቃል። ምስሉ በሚነሣበት ጊዜ የሚነሣው ነገር ከጡቡ ወጥቶ ጎረቤቱ ጋር ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ዳገቱ ቀጥ ያለ ብቻ ሳይሆን እጅግ በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ መሆን አለበት።

የውኃው መቅበዝበዝ ግን ጉዳት ብቻ አይደለም። በነርቭ ክር ውስጥ ያለ ውኃ በክሩ ርዝመት እንደልቡ ይሄዳል፤ ወደ ጎን ግን ግድግዳው ያግደዋል። በቦይ ውስጥ ያለ ውኃ እንደሚፈስበት አቅጣጫ ሁሉ፣ የመቅበዝበዙን አቅጣጫ በመለካት ክሩ ወዴት እንደተዘረጋ ማወቅ ይቻላል። በስስ ቁራጭ ላይ ሊነበብ ያልቻለው መንገድ በዚህ ይነበባል። ከማይክሮስኮፑ ስጦታዎች ሁሉ ምናልባት ትልቁ ይህ ነው።

ዘዴው ሕዋስ ጋር የደረሰባቸው ደረጃዎች ጥቂት ቢሆኑም ይታወቃሉ። እ.አ.አ በ1986 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች፣ በጄምስ አጉዋዮ መሪነት፣ የአንዲት ነጠላ ሕዋስን ምስል በኔቸር መጽሔት አወጡ። ሕዋሷ የእንቁራሪት እንቁላል ነበረች፤ ስፋቷ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ጤፍ የምታህል። የተመረጠችውም ሕዋስ ሆና ሳለ ትልቅ በመሆኗ ነው። በምስሉ ላይ የሕዋሷ አስኳል ከዙሪያው ተለይቶ ታየ። ከተመራማሪዎቹ አንዱ የነበሩት ስቴፈን ብላክባንድ ሥራውን በመቀጠል፣ እ.አ.አ በ2009 ከፍሎሪዳ ባልደረቦቻቸው ጋር የአጥቢ እንስሳ ነርቭ ሕዋሳትን በተቆረጠ የአይጥ ሕብለ ሰረሰር ናሙና ውስጥ አሳዩ። ከእንቁራሪቷ እንቁላል እስከ አይጡ ነርቭ 23 ዓመታት አለፉ። በመካከሉ እ.አ.አ በ2002 በኦሃዮ ጎኖቹ 3 ነጥብ 7፣ 3 ነጥብ 3 እና 3 ነጥብ 3 ማይክሮን የሆኑ ጡቦች ያሉት ምስል ተገኝቶ ነበር፤ ይህም እጅግ አነስተኛ በሆነ ናሙና ላይ ነው።

አርሶ አደርን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ሥራም በዚያው ዘመን ተሠርቷል። በኒውዚላንድ ማሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የፊዚክስ ሊቅ ፖል ካላሃን ለዚህ መሣሪያ ከመረጧቸው ናሙናዎች አንዱ የስንዴ ፍሬ ነበር። እ.አ.አ በ1988 ከባልደረቦቻቸው ጋር በስንዴ ፍሬ ውስጥ ውኃ እንዴት እንደሚዘዋወር የሚያሳይ ጥናት በኔቸር አሳትመዋል። ፍሬው ሲሞላ ውኃውና ምግቡ በየትኛው መንገድ እንደሚገባ ፍሬውን ሰንጥቆ ማየት አይቻልም፤ ሲሰነጠቅ ዝውውሩ ይቆማልና። ካላሃን እ.አ.አ በ1991 ስለ ዘዴው የጻፉት መጽሐፍ ዛሬም የሙያው መማሪያ ነው። ዝናቸውን ያተረፈላቸው ሌላው ሥራቸው የመሬትን ማግኔት ብቻ በመጠቀም የአንታርክቲካን በረዶ መመርመራቸው ሲሆን፣ ያ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

በላቦራቶሪ ውስጥ ናሙናን ለዚህ ምርመራ ማዘጋጀት ትዕግሥት የሚጠይቅ የእጅ ሥራ ነው። በፎርማሊን የቆየ ናሙና ድምፁ ስለሚደክም በጨው ውኃ በሚገባ ይታጠባል። የመመለሻውን ጊዜ ለማሳጠር ጋዶሊኒየም የተባለ ብረት ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል፤ ይህም መደጋገሙን ያፋጥነዋል። በመጨረሻ ሃይድሮጅን በሌለው ልዩ ዘይት በተሞላ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ሃይድሮጅን ስለሌለው ድምፅ አይሰጥም፤ ናሙናው እንዳይደርቅ ግን ይጠብቀዋል። ከዚያ የአየር አረፋ ማባረር ይቀራል። አንዲት ትንሽ አረፋ በአጠገቧ ያለውን የማግኔት ኃይል ስለምታዛባ፣ የአንድ ሌሊት ልፋት ጠዋት ላይ መሐሉ ጥቁር ቀዳዳ የሆነ ምስል ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በዚህ መንገድ እጅግ ርቀው ከሄዱት መካከል የዱክ ዩኒቨርሲቲው አለን ጆንሰንና ባልደረቦቻቸው ይገኙበታል። እ.አ.አ በ2023 ባሳተሙት ሥራ የአይጥን ሙሉ አንጎል በ9 ነጥብ 4 ቴስላ ማግኔት አነሡ። የተጠቀሙበት የማግኔት ዳገት በሆስፒታል ካለው መቶ እጥፍ የበረታ ነበር። በኃይለኛ ኮምፒውተር ከተቀናበረ በኋላ የጡቡ ጎን 5 ማይክሮን ደረሰ፤ በተለመደ የሆስፒታል ምስል ካለው ጡብ በይዘት 64 ሚሊዮን ጊዜ ያነሰ ነው። ቁጥሩ ያስገርማል። ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ የሠሩት ነው። ያንኑ አንጎል ሳይቆርጡ ብርሃን የሚያሳልፍ አድርገው፣ የሕዋስ ዓይነቶችን በቀለም ለይተው፣ በብርሃን ማይክሮስኮፕ ደግመው አነሡት፤ ሁለቱንም ምስሎች አጋጠሙ። የማግኔቱ ምስል የአንጎሉን እውነተኛ ቅርጽና የክሮቹን መንገድ ሲሰጥ፣ የብርሃኑ ምስል የትኛው ሕዋስ ምን እንደሆነ ተናገረ።

መጋጠሙ ለምን እንዳስፈለገ ግልጽ ነው። ማግኔቱ የሚሰማው ውኃን ነው። አንድ የካንሰር ሕዋስ የትኛውን ፕሮቲን እንደሚያመርት፣ ለየትኛው መድኃኒት ምላሽ እንደሚሰጥ አይነግርም። ያን የሚናገረው አሁንም ቀለምና ብርጭቆ ነው። ከዚህ በላይ አንድ ናሙና ሌሊቱን ሙሉ መሣሪያውን ይዞ የሚያድር ከሆነ፣ በቀን ብዙ ናሙና የሚቀበል ላቦራቶሪ ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ መሣሪያው የሚገኘው በአብዛኛው በምርምር ማዕከላት እንጂ በሆስፒታል የፓቶሎጂ ክፍሎች አይደለም። የፓቶሎጂ ሐኪሙን ይተካል የሚል ወሬ ቢሰማ ለጊዜው ማመን አያስፈልግም።

በሌላ ጫፍ ደግሞ ከሕዋስም ወርደው የሄዱ አሉ። የአይ ቢ ኤም ተመራማሪዎች እ.አ.አ በ2009 ጥቅል ሽቦውን ትተው፣ ከጸጉር እጅግ የቀጠነች የሲሊከን ዘንግ በማግኔት ስትሳብ የምታደርገውን መንቀጥቀጥ በመለካት፣ የትምባሆን ቅጠል የሚያሳምመውን ቫይረስ ምስል አገኙ። ያዩት መጠን 4 ናኖ ሜትር ያህል ነበር፤ ናኖ ሜትር የማይክሮን አንድ ሺህኛ ነው። ይህ ግን ከባዮፕሲ ናሙና ዓለም በጣም የራቀ፣ ከፍተኛ ቅዝቃዜና ባዶ ክፍል የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ለሕመምተኛው ቅርብ የሆነው ተስፋ ከዚህ ትሑት ነው። ከማግኔቱ የወጣ ናሙና አልተቆረጠም፣ አልተቃጠለም። ታጥቦ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ሊመለስ፣ በሰም ሊያዝና እንደ ወትሮው ሊሸረከት ይችላል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ በእጁ የናሙናውን ሙሉ ካርታ ይዟል። በሰሙ ውስጥ ካሉት 2 ሺህ 500 ቁራጮች መካከል ምላጩ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ካርታው ሊያሳየው ይችላል።